ከፈረንሳይኛ የተተረጎመ

ሐረጎን ሲወጣ የማታው አውቶቡስ፣
ከጎኔ ያለው ሰው በኩታው ጫፍ ሲያብስ
እንባውን፣ አየሁት።
ጭኑ ላይ መጽሐፍ፤ ጀርባው የተላጠ፣
በስንት ሰው አውራ ጣት ጠርዙ ያበጠ።
ሽፋኑን አወቅሁት።

«ኤድሞን ላቫርዲዬ» ይላል በትልቁ፤
«ከፈረንሳይኛ የተተረጎመ» ይላል ከስሩ፣ ደቃቁ።
«አንብበሽዋል?» አለኝ። «ሰምቼዋለሁ» አልኩት።
(ሰባት ክረምት ሙሉ ከፈረቃ መልስ የጻፍኩት።)

«ይሄ ፈረንጅ» አለ፣ አፍንጫውን ጠርጎ፣
«የሰው ሆድ ያውቃል። ከኛ ማን ይጽፋል እንዲህ አድርጎ?
የኛ ሰው ሲጽፍማ ይመክርሃል እንጂ መች ያስለቅስሃል፣
ከፊት ወንበር ተቀምጦ ጣቱን ይቀስርብሃል።»

መስኮቱን ጉም ለበሰው፣ ቦርከና ከታች ጠፋ፤
ደስ አለኝ መሰለኝ፣ ከዚያ ደግሞ ከፋ።
ሰው በገዛ ጥላው ይቀናል? እኔስ ቀናሁበት፣
ባርኔጣ ደፍቼለት፣ ነፍስ የዘራሁበት።

ባለፈው በራዲዮ አንድ ምሁር ቀርቦ
የኤድሞንን ምንጮች ዘረዘረ፣ ሁሉንም ከባህር ማዶ ሰብስቦ፦
«ከሩሲያ በረዶ፣ ከጣሊያን ወይን ጠጅ፣
የተማረው» አለ፣ «ከአንድ ባላባት ደጅ።»

እኔ ግን እቆጥራለሁ፣ ያለ ማንም ምስክር፦
የእቴ ጦይባ ሙሾ፣ ሰኞ ገበያ ለቅሶ ቤት ስታወርድ፣ ስትደረድር፤
አንዷን ግሥ እስከ መጨረሻ ይዛ ታቆያትና
ስትለቃት ድንኳኑ ይናድ ነበርና።
ኢብሬ የአሰቡ ሹፌር፣ ወሬ ሲያቀጣጥል
ፍሬን ይዞ የሚያቆም፣ ልክ ሊገለበጥ ሲል።
የመርየማ ደብዳቤ፣ እኔው የጻፍኩላት፣
«ናፈቅከኝ» የምትለዋን ሦስት ጊዜ ያስቀደደችኝ፣ ኩራት ይዟት።

ያንን ሁሉ ፈተልኩት፤ ድሩ የነሱ፣ ማጉ የኔ፤
ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው የደከመው ዓይኔ።
እዚሁ የተሸመነ አንሶላ «የውጭ ነው» ካልተባለ
ደሴ ፒያሳ ላይ የሚገዛው የታለ?

አሳታሚው ጋሽ ወንዳፈራው፣ መነጽር አውልቀው፦
«ታሪኩ ደርሷል» አሉኝ፣ «ስሙ ነው ያላለቀው።»
እዚያው ጠረጴዛው ላይ ወለድነው፤ ጢም ሰጠነው፣ ከዘራ፣
ሊዮን ላይ አንድ ሰገነት፣ የሳንባ በሽታ፣ የንግድ ኪሳራ።
እኔ ተርጓሚ ሆንኩ፣ በሁለት ፊደል ብቻ፦
ዘ. ይ.፣ ነጥቡ ከፊደሉ የሚጎላ፣ ከኮምቦልቻ።

ጦሳ ስር የደሴ መብራት እዚህም እዚያም በራ።
ሰውዬው መጽሐፉን ዘጋ፤ አሁንም ስለሱ ሊያወራ፦
«አንድ ነገር ግን ገረመኝ። ምዕራፍ አስር ላይ ያ ጉም፣
በአንድ ጊዜ ወርዶ በሬን ከገበሬው የሚለየው፣ የኛ አይደለም?
እነሱም አገር ሐረጎ አለ እንዴ?»

                    መልሱን ያዝኩት፣
እንደ እቴ ጦይባ፣ እስከ መጨረሻ፤
«ወራጅ!» አለ ረዳቱ። ፒያሳ ነው መድረሻ።
ኤድሞንን ከኩታው ስር ከብርድ ከለለ፣
ሄደ። ግሡ ግን ይኸው አፌ ውስጥ አለ።