እስኪለምድ ድረስ

ሐሙስ ማታ፣ ዝናብ አፉላን ሲመታት፣
ኦሽራት ልጄ ገባች ጫማዋ ረጥቦባት፣
ከኮቷ ሥር ደብቃ የጫማ ካርቶን፣
በአራት ቀዳዳ የሚተነፍስን።

«አባ፣ አትደንግጥ» አለች። ደነገጥሁ በቃ።
ሚስቴ ስንዱ ወጣች ማማሰያ አንቃ።
«እባብ ነው?»
«የበቆሎ እባብ ነው። መርዝ የለውም ምንም።»
«በቆሎ ቢሉትም እባብ ነው፤ አላምንም።»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል ባገሬ፤
እኔ ግን ልጡን ሳይሆን ባለቤቱን ራሱን ከሳሎን አየሁት ዛሬ።
ቀጭን ነው እንደ እርሳስ፣ ቀለሙ ብርቱካን፣
ምላሱን እያወጣ የሚቀምስ ቤታችንን።

ኦሽራት ታስተምራለች፤ አስራ ሦስት ዓመቷ፣
እንደ ሐኪም ቤት ነርስ ይቆጣል አንደበቷ፦
«ሰባት ቀን አትንኩት። መስታወት አታንኳኩ።
ፎቶ አንሥታችሁ ለአክስቶች አትላኩ።
ወዲህ ሙቅ ዋሻ አለው፣ ወዲያ ደግሞ ቀዝቃዛ፤
ራሱ ይመርጣል ብርድ ሙቀት ሲበዛ።»
«ሰባት ቀን ሙሉ እንዴት ሳይበላ ይቀመጣል?»
«ፍርሃት ያለበት ሆድ የዋጠውን ይተፋል።»

የመስታወቱን ሦስት ጎን በጋዜጣ ሸፈንን፣
ማሞቂያ ምንጣፉን ከሥሩ አነጠፍን፤
ሃያ ዘጠኝ ዲግሪ። እሺ። መብራት አጠፋን።

ስንዱ ግን በሌላ ጉዳይ ነው የነደደች፤
በረዶ የሆኑ አይጦች ፍሪዘር ውስጥ አየች።
«ከሰንበት ዳቦዬ አጠገብ! እርኩስ!» አለች።
(አይጧ በላስቲክ ነች፣ ላስቲኩ በቆርቆሮ፣
ቆርቆሮው በከረጢት፤ የስንዱ ግን እሮሮ
አራተኛ ፎቅ ሉድሚላ ቤት ደረሰ።)

ሌሊት ከጥበቃ ሥራ ስመለስ በአስር ሰዓት፣
ጫማዬን በር ላይ ጥዬ ቁጭ አልሁ ፊት ለፊት።
አልታየም። ከዋሻው አፍንጫው ብቻ ናት፣
እንደ ምስር ክክ፣ ያቺ ምላስ ያለባት።
አፈጠጥሁበት። አፈጠጠብኝ። የዓይን ቆብ የለው፣
መጨፈን አይችልም። ምን አማራጭ አለው?

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።
የባሕር ዳርቻ ሆቴል፣ ናታንያ ይመስለኛል፣ አምስተኛው ፎቅ፤
ግንባራችን ላይ ገና የተለጠፈ ቁጥር፤
ሠላሳ ሰው ቆሞ፣ ማንኪያ ስናነሣ ሊስቅ።
«ቶኽሊ፣ ቶኽሊ» ይሏታል እናቴን፤ ነጭ ነገር በሳህን፤
ይዳብሳሉ ጠጉሯን፣ ይዳብሳሉ ጥልፏን።
ካሜራ ብልጭ ይላል። በር ይከፈታል፣ ይዘጋል።
ሐኪም። ተርጓሚ። ሌላ ሐኪም። ሁሉም በፍቅር ይጮኻል።

አራት ቀን አልበላችም።
«ታማለች» አሉ።
በአምስተኛው አንዲት ጽዳት ሠራተኛ፣ ከሞሮኮ የመጣች፣ ስሟን ያልያዝሁት፣
ሰዎቹን በመጥረጊያዋ ጠርጋ አስወጣች፣
መጋረጃውን ሳበች፣
ወንበር ላይ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ አስቀመጠች፣
ወጣች።
በሩን ዘጋች።
እናቴ ግድግዳውን ብዙ አየች።
ከዚያ እንቁላሉን ላጠች።

እናትህን ከእባብ አስተካከልህ እንዳትሉኝ፤
ምራቄን ዋጥሁና ከመስታወቱ ዞር አልሁኝ።

በሰባተኛው ማታ አይጧ በሙቅ ውሃ ሟሟች፤
ኦሽራት በወረንጦ ይዛ ከዋሻው ደጅ ዘረጋች።
ሸሸ።
«አልለመደንም» አለች፤ እንባ ተናነቃት።
«ተዪው፣ ሌላ ሳምንት ስጪው፤ ቀን መች አለቀበት።»
አይጧ ወደ ቆሻሻ ወጣች። ስንዱ አየች። ምንም አላለች።

በአስራ አራተኛው ሌሊት ከሥራ ስገባ፣
አራተኛው ጎን፣ ማየት ስለምንወድ ክፍት የተውነው፣
በስንዱ የሰርግ ሻሽ ተሸፍኗል፤
ጫፍና ጫፉ በልብስ መቆንጠጫ ተይዟል።
ኦሽራት ሶፋው ላይ ተኝታለች፣ ወረንጦው በእጇ።
ስንዱን በዓይኔ ጠየቅኋት።
«እኔ ምን አውቄ! ብርድ ይገባል ብዬ ነው።»

ሻሹን በአንድ ጣት ገለጥሁ።
አይጧ የለችም።
ከዋሻው አፍ፣ ከአንገቱ ዝቅ ብሎ፣ አንዲት እብጠት
ቀስ እያለች ወደ ውስጥ ትሄዳለች።
መልሼ ሸፈንሁት።

«አባ» አለች ኦሽራት፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣
«አርባ ስምንት ሰዓት አትንካው።»