ምርቃት

ቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
የእሑድ ገበያ አለ፣ ሸራና ጭቃ።
እዚያ ነው ቦታዬ፤ አራተኛው ረድፍ፣
ሽንኩርቴን ዘርግቼ፣ ሰው ሲያይ፣ ሰው ሲያልፍ።

ዋጋ ይጠይቃል፣
ከንፈር ይመጥጣል፣
ግማሽ ኪሎ ይላል፣ ሩብ ኪሎ ይላል፣
በመጨረሻውም በፍሬ ይገዛል።

ሚዛኔ ችግሬን ያውቅ ነበር እንደ እኔ።
ከሣህኑ ሥር፣ ልናዘዝ፣
በማስቲሽ የተጣበቀች
አንዲት ብሎን ነበረች፤
በኪሎ መቶ ግራም ትዋሽልኝ የነበረች።

አንድ እሑድ መጣ ልሳነወርቅ፣ ተመራጩ ሰው፣
ከአውቶቡስ የወረደ፣ ጫማውን ጭቃ የወረሰው።
ስሙ ልሳነወርቅ ይሁን እንጂ ምላሱ ይተበተባል፤
አንድ ቃል ለማውጣት ሦስቴ አየር ይስባል።
በምርጫው ሰሞን ስቄበታለሁ፤
«ይሄ ነው የሚናገርልን?» ብያለሁ።

ፌስታሉን ፈታና የሚዛን ድንጋይ አወጣ፣
ማኅተም የተመታ፣ ጠርዙ የነጣ፤
ሣህኔ ላይ አኖረው።
መርፌዋ ሮጠች፣
ኪሎውን አልፋ መቶ ግራም ወዲያ ቆመች።
ጎረቤቴ ሌሊሴ በርበሬ መስፈሯን ተወች።

ፖሊስ ይጠራል ስል፣ ደንብ አስከባሪ፣
እሱ ግን ጎንበስ አለ እንደ ተማሪ፤
«ለ... ለምን?» አለኝ።

እፍረት ያስቆጣል። ተቆጣሁ፦
«መቶ ኪሎ ብዬ የከፈልኩት ጆንያ
ዘጠና ሁለት ነው፣ ሲመዘን እዚያ።
ስምንቱን ደላላው በላ፤ ደላላውን በላው ኬላ፤
ኬላ የበላኝን እኔስ ከማን ልብላ?»

ጻፈው። መዳፍ በምታህል ደብተር፣
«ጆንያ፣ ዘጠና ሁለት»፣ ቁጥር በቁጥር።
ከዚያ ጠፋ።
እንደ ሌሎቹ ነው አልን፣ ተስፋችንን አጠፋ።

ኋላ ሰማን፤ በሌሊት፣ ከጅምላው ተራ፣
ጆንያ ሲያስመዝን ከወዛደር ጋራ፤
በኬላው ገመድ ሥር፣ ከሹፌር ጎን ተቀምጦ፣
ደረሰኝ የሌለው ክፍያ ሲቆጥር፣ በጋቢ አድፍጦ።

በቴሌቪዥን አየነው፣ ሱቅ በር ላይ ቆመን።
ሦስት ደቂቃ ሰጡት፤
ሁለቱን መንተባተቡ በላበት።
በቀረችው አንዷ
ያን ድንጋይ ከጠረጴዛው ላይ አኖረው፤
ጓ! አለ ድምፅ ማጉያው።
«ይ... ይሄ አንድ ኪሎ ነው» አለ።
«እኛ ሰፈር ሲደርስ ግን አይደለም።»
ሳቅ ተሰማ። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ።
መልስ ተሰጠ፦ «እየተሠራበት ነው።»
ይህን ቃል እናውቀዋለን፤
የውሃ ቧንቧችንም እየተሠራበት ነው፣
ዘንድሮ ስድስት ዓመቱ ነው።

ሽንኩርት አልረከሰም። ውሸት አልናገር።
ዘይቱም፣ ኪራዩም፣ ወደ ላይ ነው እንጂ የት ሊኖር?
አንዱ ኬላ ተነሣ፤ ሁለተኛው ቀረ፤
ጆንያው ዘጠና ሰባት ገባ፣ ሦስቱ ኪሎ እንደተሰወረ።
ከገበያው መግቢያ፣ ከቆርቆሮው ጥላ፣
የሁላችን ሚዛን ቆመ፤
ማንም የገዛውን መልሶ የሚመዝንበት፣
ድንጋዩ እንዳይሰረቅ በሰንሰለት የታሰረበት።
ሰው በሌለ ሰዓት ልጆች ድመት ይመዝኑበታል።

ብሎኗን ነቀልኳት። ማንም አላዘዘኝ።
ልጄ የበሩን ማጠፊያ አጠበቀባት፤
አሁን ቤታችን ሲዘጋ አይጮኽም።

ያለፈው እሑድ መጣ። ጸጉሩ ሸብቷል።
«ግማሽ ኪሎ» አለኝ፣ ሳይንተባተብ፤
መዘንኩለት፤ መርፌዋ ግማሽ ላይ ቀጥ አለች።
ከፈለ። አልሄደም።
ፌስታሉን እንደከፈተ፦
«መ... መርቂልኝ» አለ።

ሽንኩርት ይሁን ጸሎት፣ የቱን እንደጠየቀ
እስካሁን አላወቅሁም፤
ሁለቱንም ሰጠሁት፣
ሽንኩርቱን በእጄ፣ ሌላውን በሆዴ።
ሽንኩርቷን ግን ትንሿን ነው የመረጥኩለት፤
ኑሮ ነዋ።