ማካፈል

ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ቀኑ በሚመሽበት
በኡሜኦ ከተማ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ቢሮዬ ናት።
ሥራዬ ሒሳብ ነው። ስም አይነገረኝም፤
መልክም አላይም።
መቶ አሥራ አራት ይላል፣ ከረድፉ ጫፍ፦
ሴት። ዐሥራ አምስት ዓመት። ከክሊኒኩ ሁለት መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር፣ ሁሉም ደን፣ ሁሉም ጥድ፣ ሁሉም በረዶ፣ ዝም የሚል ጠርዝ እስከ ጫፍ።
(ስሟ ቲንድራ ይሁን። እኔ ነኝ ያወጣሁት፤
ቁጥር ራቁቱን ሲሆን ስለሚበርደኝ ነው ስም የደረብኩለት።)

ጥያቄው አጭር ነው፦ ራሳቸውን የሚጎዱ ልጆች፣
ሕክምናው በስክሪን ቤታቸው ቢሄድላቸው፣ ለእነሱና ለወላጆች፣
ያዋጣል ወይ?
ይላል ምክር ቤቱ። አልፈርድበትም፤ ገንዘብ ከሰማይ አይዘንብም፣ በረዶ እንጂ ከላይ።

ወጪ አንድ፦ ነዳጅ።
በፊት አባቷ ነበር ጎሕ ሳይቀድ የሚነጉድ፤
ሦስት ሰዓት መሄጃ፣ ሦስት መመለሻ፣
ለአንድ ሰዓት ወሬ፤ እሱም ቀጠሮ ከተገኘ፣ ከስድስት ወር ጥበቃ መጨረሻ።
ሰውየው በረዶ ጠራጊ ነው። እሱ በከፈተው መንገድ አገሩ ይሄዳል፤
እሱ ልጁን ይዞ ሲወጣ፣ የሰፈሩ መንገድ ተዘግቶ ይውላል።
ከሥራ የቀረበት ቀን፦ ይህን ያህል ክሮነር። እሷ ከትምህርት የቀረችበት፦ ይህን ያህል።
አሁን ግን ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ። ሠንጠረዡ ደስ ብሎታል።

ረቡዕ ማታ ሂለቪ የምትባል አማካሪ ትጽፍላታለች፤
አትቆጣም፣ ምክር አታበዛም፣ ትጠይቃለች፦
«ንዴት ነው? ኀፍረት ነው? ወይስ ብቻ ድካም? ስሙን ፈልጊለት፤
ስም ያለው እንግዳ በር አይሰብርም፤ ያንኳኳል፣ ይጠብቃል፣ ትንሽ ታገሺለት።»

የሳምንቱ ቅጽ ይጠይቃል። ስንት ጊዜ? አራት።
ስንት ጊዜ? ሦስት። ዜሮ። ዜሮ። ሁለት።
ዜሮ።
መዳን በማስመሪያ አይሰመርም፤ ይሄዳል ተንገዳግዶ፣ ተመልሶ፣ ዞሮ።

ከወጪው ቅጽ ግርጌ፣ «ሌላ ካለ» ከሚል ሥር፣
በወፍራም እርሳስ፣ እጁ በጓንት የለመደ ሰው ጽሑፍ፦ «ነዳጅ የለም። ግን አንድ ነገር፦
እሷ ከማሽኑ ጋር ስታወራ
እኔ ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ፣ መብራት ሳላበራ።
አንድ ሰዓት ይሆናል።
ይህስ ይቆጠራል?»

ለሰዓት ሁሉ ዋጋ አለኝ፤ የነርስ፣ የመምህር፣ የጠራጊ ሰዓት
በየዓምዱ ተደርድሯል። ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ አባት ሰዓት
የት ይገባል? ብጽፈው ወጪ ነው፤
ብተወው ስርቆት ነው።
ጠቋሚው ብልጭ ጥፍት ይላል። ሻዬ ቀዘቀዘ።
አልጻፍኩም። አልተውኩም። እጄ እንደያዘ ያዘ።

ዓመት ሲሞላ የመጨረሻው ቅጽ አልመጣም።
ባዶ። ባዶና ዜሮ አንድ አይደሉም፦
ዜሮን የጻፈ ሰው አለ፤ ባዶን የጻፈው የለም።
ስሟ ሲጠራ «አቤት» ያላለች ልጅ ቀሪ ናት፤
ከማካፈል የተረፈ ቁጥርም ቀሪ ነው፤ ቃሉ አንድ፣ የሚያስደነግጥበት ሁለት።
ፕሮግራሙ ክፍተቱን ይሞላዋል፣ ከሌሎቹ አማካይ ተበድሮ፤
እኔ ግን ተውኩት፣ ለነገ፣ ለከነገ ወዲያ፤ ሦስት ሳምንት ከረመ፣ ክፍት አድሮ።

ከዚያ ፖስታ መጣ። ስንት ጊዜ? አንድ።
ጥግ ላይ፣ በትናንሽ ፊደል፣ ተጨምቆ እንደ ጉንዳን መንገድ፦
«በዚያው ሌሊት ነገርኩት።
ደረጃው ላይ አገኘሁት።»
ረቡዕ አልነበረም። ቀኑን አይቻለሁ፤ እሑድ ነው፤
ሕክምናው ካለቀ ዓመት ሆኖት፣ ሰውየው ያ ቦታ ላይ ምን እየጠበቀ ነው?

ሠንጠረዡ ይህን ክስረት ይለዋል፤ አንድ ከዜሮ ይበልጣላ!
ማክሰኞ ምክር ቤቱ ፊት እቆማለሁ፤ የሁለቱን ወጪ ልዩነት ለጥቅሙ አካፍዬ፣ ቀንሼ፣ አስልቼ፣ በኋላ
«ያዋጣል፣ ይመስላል፤ እርግጠኛነቴ ሰፊ ክልል አለው» እላለሁ፤
ያንን አንድ ግን፣ ማንም ባይጠይቀኝ፣ ለብቻው አሰላለሁ።
ገና ስምንት ሰዓት ነው፤ ከመስኮቴ ውጪ ጠቁሯል ሰማይ፤
አንድ ለሁለት ሲካፈል ግማሽ፤ ግማሹ ክፍሏ ውስጥ፣ ግማሹ ደረጃው ላይ።