ዝርዝር የለኝም

ከጣቢያው አጥር ጀርባ፣ ከባሕሩ ጥግ፣ ሚያጋው ላይ፣
የፖሊስ ልብስ አጥባለሁ፤ አሰጣለሁ ለፀሐይ።
መንገደኛን የሚፈትሹ፣ ኬላ ላይ ቆመው የሚውሉ፣
ወደኔ ሲመጡ ግን ተፈታሾች ናቸው ሁሉ።
ውሃ ሳላስነካ በፊት እጄን እሰዳለሁ ከኪስ፤
የማገኘው ግን ይገርማል፤ ይህ ነው ወይ የምንፈራው ፖሊስ?

የልጁ የወተት ጥርስ፣ በጥጥ የተጠቀለለ፤
ከአንገት ላብ የወየበ ነሐስ፣ ዓይን መሀሉ ላይ ያለ፤
ቄሱ እንኳ የማይፈታው፣ ስብርብር ያለ የላቲን ቃል፤
የተዋጊ አውራ ዶሮ ጥፍር
(ይኸኛው ትንሽ ይሸታል)።

ሁሉን በየባለቤቱ በብስኩት ጣሳ አኖርና፣
ልብሱ ሲተኮስ እመልሳለሁ፣ ከነበረበት ኪስ እንደገና።
እነሱም አይጠይቁኝ። እኔም አይቼ አላየሁ።
ሰው ፍርሃቱን የት እንደሚደብቅ፣ ከሚስቱ በፊት አውቃለሁ።

አንድ ማታ ግን፣
አውሎ ነፋስ ይመጣል ሲሉ፣ መብራቱም ጠፍቶ ባንዴ፣
የወጣቱን የኔልሲቶ ሱማጋይሳይን ሱሪ፣
ወይ ጉዴ!
ኪሱን ሳላይ ነከርኩት።

አያቱ በስቅለት ዕለት በሹክሹክታ የሰጡት፣
ሰባት ጊዜ የታጠፈ፣
እሱ ራሱ ገልጦ ያላነበበው ክታብ፣
ስጨምቀው እጄ ላይ አጥሚት ሆነ።

ልጁ ሌሊቱን ከሁለት ጓዶቹ ጋር ወደ ድልድዩ ይላካል፤
ባዶ ኪስ እንዴት ልስጠው? እጁን ሰዶ ይፈልጋል።
ከሒሳብ ደብተሬ ቀደድኩ፣ የራሱን ገጽ፣ በኩራዝ፦
«ሦስት ሸሚዝ፣ ሁለት ሱሪ። ያልተከፈለ፣ አርባ አምስት ፔሶ።»
ሰባት ጊዜ አጠፍኩት። በላስቲክ ጠቀለልኩት።
ከተትኩት።
እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ድልድዩ በዚያች ሌሊት ሄደ። መኪናውም አብሮ ሄደ።
ሁለቱ በማግስቱ በቀርከሃ ቃሬዛ መጡ።
ነሐሳቸው አንገታቸው ላይ ነበር።
የመጨረሻ ልብሳቸውን የተኮስኩት እኔ ነኝ፤
እጅጌው ላይ ብዙ ቆየሁ።

እሱ ግን ከኮኮናት ግንድ ጎህ እስኪቀድ ተጣብቆ፣
በእግሩ መጣ ከነጭቃው፣ አንድ ጫማውን ለቆ።
«ያያቴ ቃል አወጣኝ» አለ፣ ኪሱን መታ መታ አርጎ።
አፌን ከፈትኩ።
ዘጋሁት።

ምን ልበለው? ሁለት ሬሳ ተዘርግቶ በመካከል፣
የኔ ቁራጭ ወረቀት ከነሐስ ትበልጣለች ልል?
አልልም። ወንዙ ማንበብ አይችልም።
ብቻ ሌሊት ሌሊት፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣ እንዲህ ይመጣብኛል፦
ጸሎት ወደ ላይ ይሄዳል፤
ዕዳ ግን ሰውን ወደ ሰው ደጅ ይጎትታል።

ከዚያ ወዲህ የሱን ሒሳብ ጠይቄው አላውቅም።
እሱም ይረሳል፤ ወጣት ነው፤ እኔም አላስታውስም።

ዘንድሮ ወደ ማኒላ ተዛወረ። ሻንጣውን ይዞ መጣ፤
«እትዬ ኤስትሬሊታ፣ ዕዳዬን ልዝጋ» ብሎ መቶ ፔሶ አወጣ።
ከአግዳሚው ስር የሳንቲም ጣሳዬ እስከ አፉ ሞልቷል።
በተረከዜ ገፋ አድርጌ፣ ከቅርጫቱ ኋላ ከተትኩት፤
«ዝርዝር የለኝም፣ ልጄ።
ስትመለስ» አልኩት።