ተይዟል

ቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
አባቴ በር ቢቆም፣ ባንድ ፌስታል ዕቃ፣
«ክፍሉ ተይዟል» አሉት፣ ፊቱን አየት አርገው፣
«የሚከራይ ቤት አለ» የሚለውን ካርቶን
ነፋስ እያማታው።

ሲሚንቶ መጋዘን ዘበኛ ሆኖ ገባ።
«ስምህ አልያዝልኝ አለ» አለው ፎርማኑ፤
ኩንታል የሚያስነሳ ሰው
ሦስት ፊደል ከበደው።
«ጥቁሩ» ብሎ ጻፈ፣ ደመወዝ መዝገብ ላይ፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ወር በገባ ቁጥር
አባቴ እዚያ ስም ጎን ፈረመ።
አንድም ቀን ቤት ገብቶ አላወራውም፤
እኔ ነኝ መዝገቡን ያየሁት።

ዛሬ ሦስተኛ «ለ» ክፍል ገብቼ
ስሜን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፦ አሪየት ኡጉላ።
ከኋላ አንዱ ሳቀ።
አልተቆጣሁትም፤ ጠመኔውን ሰጠሁት፣
«ና፣ የአባቴን ስም አንተ ጻፈው።»

ኡ። ጉ። ላ።
ስልሳ ልጅ ባንድ ላይ አነበበ፤
መጀመሪያ ተደናቀፉ፣ ደግሞ ሳቁ፣
በሦስተኛው ጣሪያው ቆርቆሮ ነዘረ።
የረሳሁትን ምሳ ይዞ አጥር ጋ የቆመ ሽማግሌ
«አቤት» አለ፣
ማን እንደጠራው ሳያውቅ።

ክፍል ዛሬም ተይዟል ይላሉ፤
ባለፈው ሳምንት እኔንም ብለውኛል።
ስሙ ግን፣
ስሙ በስልሳ አፍ
በቃል ተይዟል።