አረንጓዴዋ ነጥብ

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ውኃ በባልዲ ሲወጣ፣
ሣጥኑ በለሊሳ ጫንቃ ከታች ቤት ወደ እኛ መጣ።
እሱ ሣጥኑን ከነማራገቢያው፣ እኔ ስክሪኑን ከነገመዱ፣
ለየብቻ ዕቃ ነበሩ፣ አንድ ላይ ኮምፒውተር ወለዱ።
ጠረጴዛችን የድሮው በር ነው፣ ከነቁልፉ ቀዳዳ፣
ሽቦው በዚያ ሾልኮ ወርዶ ይንፏቀቃል በግድግዳ።
እናቴ ሣጥኑን በመስታወቱ አጮልቃ አይታ፣
ቀይ ሰማያዊ ሲብለጨለጭ፣ «የማን ሰርግ ነው ዛሬ ማታ?»

ስክሪን ስንመርጥ ግን ሳምንት ሙሉ ተኳረፍን።

እሱ፦ «ቴሌቪዥን ነው! አርባ ሦስት ኢንች! ግድግዳውን ሞልቶ፣
ሜዳው ከነሣሩ ይግባ፣ ሰፈሩም ይይ ከደጅ መጥቶ!»
እኔ፦ «ስፋት ምን ያደርጋል፣ ከጣትህ ኋላ ከቀረ?
አንተ ስትተኩስ እሱ ሲያስብ፣ ያኛው ገድሎህ፣ ቀብሮህ አደረ!
ሃያ አራት ይበቃል፤ በሰከንድ መቶ አርባ አራቴ ይታደስ»
እያልኩ፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ ቁጥሩን ሳነሳ ስመልስ።

በመጨረሻ የመረጠው ኪሳችን ነው፤ ከመርካቶ
ያገለገለ አገኘን፣ ጠርዙ ተፍቆ፣ እግሩ በሽቦ ተሰፍቶ።
ሻጩ «እንከን የለውም» ሲል በአውራ ጣቱ የሸፈናት
አንዲት ነጥብ ነበረች፤ ቤት ደርሰን ነው ያየናት፤
አረንጓዴ፣ የጤፍ ፍሬ፣ ከላይ፣ ወደ ቀኝ ገደማ፣
ብንጠርጋት የማትለቅ፣ ብንመታት የማትሰማ።

በረሃ ስናቋርጥ ሰማይ ላይ፣ ባሕር ስንቀዝፍ ሸራ ላይ፣
ኳስ ስንጫወት ከተመልካች መሃል እጇን አጣጥፋ ስታይ።
ለሊሳ ሲሸነፍ «እሷ ናት» ይላል፣ «ዓይኔን ከኳሱ ላይ ይዛ!»
እኔም በተራዬ አማኋት፤ ሐሜታችን በዛ።
ሦስት ዓመት።

ዘንድሮ ለሊሳ ቂሊንጦ ገባ፤ በሌሊት ፈረቃ ብር
አዲስ ስክሪን ገዛ፣ ጎበጥ ያለ፣ ሲያዩት የሚያስከብር።
ላስቲኩን ልጠን ስናበራው፣ ጥቁሩ ጥቁር፣ ቀዩ ቀይ፤
እንከን የለም። እኔ ግን ዓይኔ ይሸሻል ወደ ላይ፣
ወደ ቀኝ።
«ምን ጠፋህ?» አለኝ።
«ምንም» አልኩት።

መብራት ሄደ።
የሣጥኑ ማራገቢያ ቀስ እያለ ዞሮ ቆመ፤
ብሎኩ በሙሉ ከየመስኮቱ አንድ ላይ አጉረመረመ።
ከመጨረሻው ብሎክ ወዲያ፣ ጤፉ ከሚጀምርበት፣
ከኮረብታው ላይ፣ በመስኮታችን የቀኝ ጥግ ባለበት፣
አንዲት ብርሃን።

«የአጎቴ ናት» አለ ለሊሳ፣ «ሶላር ገዝቼላቸው።
መብራት አይጠፋባቸውም፤ ድሮም አልገባላቸው።»

ከዚያ እንደ መርካቶው ሻጭ አውራ ጣቱን ዘርግቶ
መስታወቱ ላይ አሳረፈ፤ ብርሃኗን ሸፍኖ፣ ዓይኑን ወደ እኔ መልቶ፣
«እንከን የለውም» አለኝ።

ሳቅኩ።
እሱ ግን ጣቱን ብዙ ቆይቶም አላነሳም።