ጨው አነሰው

የፔሌቲዬሪ ቤት በሩ ላይ ወረቀት፦
«ተዘግቷል። እናመሰግናለን። ኅምሳ ሦስት ዓመት።»
ሌላ ቃል የለውም። ጫፉን ነፋስ ይዞት
ያንኳኳል መስታወት።

ኔሎ ኮፍያውን አወለቀ፣ እንደ ለቅሶ ቤት፤
መልሶ ደፋው፤ ትሬንተን ውርጭ ናት በየካቲት።
«ታዲያ ሐሙስ ማታ የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሐሙስ ጥያቄ አልነበረም፤ መልስ ነበረ።

ስንጥቁን በቴፕ የጠገኑት ቀይ የላስቲክ ወንበር፣
ባሕር ትሁን ተራራ በጭስ ያልለየላት የባንኮው ሥዕል፣
ዶሎረስ ሳንጠራት መጥታ ሳናዛት የምታኖረው ሳህን፣
ኔሎም በመጀመሪያው ጉርሻ «ጨው አነሰው» ብሎ፣
ሳይጨምር፣ በዳቦ የሚጠርገው እስኪታይ መልኩ የሸክላው፣
ይህን ሁሉ የት ሄደን እንግዛው?

እኅቱ ፊሎሜና፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምታድረው ከኛ ጋር፣
ደብተር ገዛች፤ የምግብ ቤቶቹን ስም ጻፈች በመስመር።
«ከተማው ሙሉ ቀይ ሱጎ ነው» አለች፤ «አንዱ አይጠፋም።»
እኔም አንገቴን ነቀነቅሁ፤ ሆዴ ግን አላመነኝም።

የመጀመሪያው ቤት የምግብ ዝርዝሩን በስልክ አንብቡ አለን፤
ኔሎ ስልኩን አርቆ፣ አቅርቦ፣ ለአስተናጋጁ ሰጠው፦ «አንተ አንብብልን።»
ሰፊ ነጭ ሳህን መጣ፣ መሐሉ ላይ ሦስት ራቪዮሊ ብቻ፤
ቅጠል ተለጥፎባቸው እንደ ቴምብር፣ ለማን እንደሚላኩ እንጃ።
«እንዴት ነው?» አልሁት። «ጥሩ ነው» አለ።
ባሌ ስለ ምግብ እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም፤ ልቤ ዝቅ አለ።

በሁለተኛው ሱጎው ጣፋጭ ነው፣ ስኳር የበዛበት፣
ለሕፃን መድኃኒት ሊደብቁበት እንጂ ለሰው ያልሠሩት።
ሙዚቃው ሲያንባርቅ ኔሎ የጆሮ ማዳመጫውን ፈታ፣
ከፎርማጆው አጠገብ አኖረው፤ በላ በዝምታ።
«ጥሩ ነው» አለ፣ መኪና ውስጥ፣ ሳይጠየቅ።

ሦስተኛው፣ እውነቱን ልናገር፣ ከፔሌቲዬሪ ይሻላል፤
የጥጃ ሥጋው ቢላ አይሻም፣ ሹካ ሲያየው ይላላል፤
ዳቦው ትኩስ፣ ሰውየው ትሑት፣ ሒሳቡም የማይጎዳ።
በዚህ ተናደድን፤ በቀብር ማግስት ሠርግ ቤት እንደ ገባ እንግዳ።
ፊሎሜና ስሙን ሰረዘችው፣ ሁለት ጊዜ፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ።

ከዚያ እንቁላል ጠብሰን በላን።
በሚቀጥለውም ሐሙስ፣ እንቁላል።

ሚያዝያ ላይ ዶሎረስን አገኘኋት፣ ፋርማሲ ወረፋ ላይ፤
ያለ ሽርጧ ሳውቃት ዘገየሁ፤ እንዴት አጭር ናት ቀርቤ ሳይ።
«ሱጎው ናፈቀን» ስላት፣ «የማን ሱጎ?» አለችኝ።
«የሽማግሌው ነዋ!» «እሱ እኮ ሻይ እንኳ አያፈላም» ብላ አሳፈረችኝ።
«ሴጉንዶ ነው፣ የኢኳዶሩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከጓዳ።
እናንተ የምታውቁት እጁን ነው፤ ያውም በመስኮቷ ቀዳዳ።»
«ከሱ በፊትስ?» «ሌላ ነበረ። ከሱም በፊት ሌላ።»

ያን እጅ፣ ጸጉሩ በእሳት የተለበለበ፣ ሳህን ሲገፋ አይቻለሁ፤
ባለቤቱን ሳልጠይቅ ሺህ ሐሙስ በልቻለሁ፤
ሽማግሌውን «እጅህ ይባረክ» ብያለሁ።

አሁን የሚሠራበት ቤት ከልብስ ማጠቢያው ጎን ነው።
ሻማ የለ፣ ሥዕል የለ፤ ግድግዳው ላይ የኳስ ቡድን፣
ሰሌዳው ሩዝ ይላል፣ ጥብስ ሙዝ ይላል።
ፊሎሜና ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ ተቀመጠች፣
ሐኪም ቤት ተራ እንደምትጠብቅ።
ሴጉንዶ ወጣ። እጁን አወቅሁት፤ ፊቱ አዲስ ነው።
«አራት ቁጥር፣ ጥጉ ላይ» አለ፤ «አንዱ ያለ ነጭ ሽንኩርት፣ አንዱ ዳቦ ሁለት።»
እኛ ነን። ይህ ነው ስማችን ከግድግዳው ማዶ የተጠራንበት።

ሱጎው መጣ፣ በላስቲክ ሳህን።
ኔሎ ቀመሰ። አኘከ። ዝም አለ።
በግድግዳው በኩል የሰው ልብስ ይሽከረከራል።
ሹካውን አስቀመጠ፤ ሴጉንዶን ሽቅብ አየው፦
«ጨው አነሰው።»

ፊሎሜና ከጠረጴዛው ሥር እጄን ጨበጠችው።
ሴጉንዶ ሳቀ። ጨው አላመጣም።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት በመስኮቷ ሲሰማው፣ አንድም ቀን አላመጣም።
ኔሎ ሁለተኛውን ዳቦ ቆረሰ።